ቀለሙ ከኮረብታው ሲወርድ

አብዛኛው ፎቶ አንሺ ለወቅት ቀለም ካሜራውን የሚያሰናዳው በመስከረም ነው። አደይ አበባ ደጋውን ቢጫ ታለብሰዋለች፤ እሷ ስትረግፍ ካሜራው ወደ ቦርሳው ይመለሳል። እዚህ የማስተዋውቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚጀምረውን ሥራ ነው። በመፀው፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በአብደራፊና በመተማ ዙሪያ ቆላ የዛፍ ቅጠል ቀለሙን ሲለውጥ በፎቶ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚህ አገር ቅጠሉን ቀለም የሚያስለውጠው ብርድ ሳይሆን የውኃ መራቅ መሆኑን ያላስተዋለ ፎቶ አንሺ ቀኑንም፣ ቦታውንም፣ ቀለሙንም ይስታል ብዬ አምናለሁ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ዛፉም ለብርዱ ወራት እንቅልፉ ሲዘጋጅ ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ ካሮቲኖይድ የሚባለው ቢጫ ይገለጣል፤ እሱ ቀድሞም ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፣ አረንጓዴው ሸፍኖት እንጂ። ቀዩ አንቶሲያኒን ግን በአዲስ የሚሠራ ነው፤ ብሩህ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ያግዙታል። በስቶክሆልም በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ12 ሰዓት ይበልጣል፤ በአብደራፊ ኬክሮስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። ብርድም የለም። ያለው ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንቦ ድንገት የሚያቋርጥ ዝናብ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ይዞ ልቆይ ቢል በቅጠሉ በኩል ያለችውን ውኃ ሁሉ ያጣታል፤ ስለዚህ ያራግፈዋል። በዚህም የተነሣ የቆላው መፀው በቢጫ፣ በገለባና በመዳብ ቀለም የተሞላ ነው፤ አባሎ የተባለው ዛፍ አልፎ አልፎ ወደ ቀይ ይጠጋል እንጂ የካናዳን የሜፕል ዛፍ ደም መሰል ቅላት የሚሻ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የኮረብታውን ጉዳይ ግን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ብርዳማ በሆኑት ተራራማ አገሮች ቀለሙ ከአናት ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ ብርዱ ከፍታውን ቀድሞ ስለሚይዘው ነው። በአብደራፊም ይወርዳል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ድንጋያማው ኮረብታ አፈሩ ስስ በመሆኑ የክረምቱን ውኃ ይዞ አይቆይም። እዚያ የበቀለው የዕጣን ዛፍ፣ በአካባቢው ስሙ ዋልያ መቀር፣ በጥቅምት ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል፤ እንደ ወረቀት የሚላላጠው ልጡም ከባዶው ቅርንጫፍ ሥር ወለል ብሎ ይታያል። ወገቡ ላይ ያሉት አባሎና ወንበላ ዘግየት ብለው ይከተሉታል። የሜዳው ጥቁር ዋልካ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ በላዩ ያለው ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ስለደረሰ እንጂ ስለጠማው አይደለም፤ ፍሬው ሳይፈነዳ ታጭዶ በየነዶው ታስሮ ይቆማል፣ ክምሩንም ሂላ ይሉታል። ከሁሉም በኋላ በአንገረብና በጓንግ ወንዞች ዳር ሮቃና ሰርኪን የተባሉት ዛፎች ገና አረንጓዴ ናቸው። በጥቅምት መጨረሻ እነዚህን ሁሉ፣ የነጣውን አናት፣ የመዳቡን ወገብ፣ የሂላውን መስመርና ቀጭኑን የወንዝ አረንጓዴ፣ በአንድ ፍሬም ያስገባ ሰው ውኃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሸሸ አሳይቷል። እኔ ከማንኛውም የጎላ ቀለም ይልቅ ይህን ቅደም ተከተል የያዘውን ፎቶ እመርጣለሁ።

«አብደራፊ ሜዳ ነው፤ የተራራ ቀለም ለፈለገ ሰሜን ተራሮች አሉ» የሚል ይኖራል። የሰሜን ተራሮች ግርማ የሚካድ አይደለም፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የደጋው ጽድና ወይራ በየዓመቱ ቅጠላቸውን አያራግፉም፤ ከዚያ በላይ ያሉት አስታና ጅብራም እንዲሁ። እዚያ ወርቃማ የሚሆነው ሣሩ ነው። ቅጠሉን የሚጥል ደን ያለው ቆላ ነው፤ ከፍታና ቀለም አብረው እንዲታዩ የሚፈልግም ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ይያዝ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ የማያራግፈው ዛፍ ለሚያራግፈው ቦታ ሲለቅ በዓይን ይታያል። የሜዳው ዝርግነትም እንከን አይደለም፤ ብቻውን የቆመ ኮረብታ ሙሉ ቁመቱን ከሩቅ የሚያሳየው ሜዳ ስለከበበው ነው።

ብርሃኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ዘንበል ብላ አትንከላወስም፤ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ስለዚህ ጠዋት ለስላሳው ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ11 ሰዓት ገደማ እስክትጠልቅ ድረስ ብቻ ነው። የጥቅምት መጀመሪያ አየር ዝናብ ያጠበው ነው፤ ከኅዳር በኋላ የሣር ቃጠሎ ጭስና አቧራ ይገባበታል። ጭሱን ብዙዎች ይጠሉታል፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ለሚያነሣ በእርግጥ ቀለሙን ያደበዝዝበታል፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ ለሚያዞር ግን ኮረብቶቹን አንዱን ከአንዱ ይለይለታል፣ ቀጭኑ ቢጫ ቅጠልም ብርሃኑን አሳልፎ ይበራል። የካሜራውን የቀለም ሚዛን በራስ-ሰር መተው አይገባም፤ ማሽኑ ቢጫውን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያርመው ይሞክራል። በ«ቀን ብርሃን» ላይ ማሰር ይሻላል። ሂስቶግራሙም በሦስቱም ቀለሞች ይታይ፤ በገለባ ቀለም መሬት ላይ ቀዩ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳልና ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ፖላራይዘር ማጣሪያ የሚረዳው ከፀሐይ በቀኝ ማዕዘን ሲያነሡ ነው፤ በደረቀ ቅጠል ላይ ግን ከለምለሙ ያነሰ ሥራ ነው ያለው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ባዶ ኮረብታን እያሳመሩ ማንሳት መራቆትን እንደ ውበት ማሳየት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ፎቶውን በመተው ሳይሆን ቀኑን በመጻፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ተመራማሪው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያን ቦታዎች ከየቆሙበት ነጥብ እንደገና አንሥተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የዕፀዋቱ ሽፋን እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ያለ ፎቶዎቹ ይህ አይታወቅም ነበር። እንዲህ ያለው ንጽጽር ግን የሚሠራው ወቅቱ ከታወቀ ነው። በነሐሴ የተነሣ የአብደራፊ ኮረብታ በኅዳር ከተነሣው ጋር ቢደረደር ያላወቀ ሰው ደኑ ተጨፈጨፈ ይላል።

የዕጣኑን ዛፍ በተመለከተ እንዲህ ያለው ስሕተት የጨዋታ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት ወጣት ዛፍ በአብዛኛው ደን እንደጠፋና የዕጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ እሳት፣ ግጦሽ፣ ያለ ልክ ማድማትና ጢንዚዛ ተደራርበውበታል። ሩቅ ያለ ዓይን ቅጠሉን የጣለውንና የሞተውን ዛፍ አይለይም። ስለዚህ ከሰፊው ገጽታ ጎን ቀረብ ያለ ፎቶም ያስፈልጋል፤ የደማው ልጥ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ፣ ከሥሩ ችግኝ መኖር አለመኖሩ። በየካቲት መጀመሪያ ወዳነሣበት ቦታ ተመልሶ የሦስት እግር መቆሚያውን በዚያው ነጥብ ላይ የሚያቆም ሰው ቅጠል አልባውን ዋልያ መቀር አብቦ ሊያገኘው ይችላል፤ ዳገቱ ላይ ዛና የተባለው ዛፍም ካለ ሮዝ አበባው እንዲሁ ያለ ቅጠል ነው የሚወጣው። በሰኔ አጋማሽ ፎቶው እንደገና ሲነሣ ከአናት ጀምሮ የነጣው ኮረብታ ቅጠል አውጥቶ ይገኛል፣ ወይም አንዳንዱ ዛፍ ብቻ ሳያወጣ ቀርቶ ይታያል።