ከአያት የቀረ መላጊያ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ከአገር ቤት ሲመለስ በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ ይዞ መጣ። አያቱ አናጢ ነበሩ። ካረፉ ወዲህ መሣሪያቸው ከጓዳ ጥግ ተጥሎ ከርሞ፣ እናቱ ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ በኪሎ ሊሸጡት አውጥተውት ነበር። ጆንያውን ስንፈታው ዝገት የወረሰው የብረት መላጊያ ሆኖ ተገኘ። «ይሄ ሞቷል» ያለ አልጠፋም። እኛ ግን እንዲህ ያለ መላጊያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በዝገት ሳይሆን በወራሹ ችኮላ መሆኑን በራሳችን ጥፋት ተምረናል። ጥፋታችንን ወደ ኋላ እንናዘዛለን።

መላጊያ በጠቅላላው ሁለት ዘር ነው። አንደኛው አካሉ እንጨት የሆነና ምላጩ በሽብልቅ የሚጠበቅ ነው። ይህ ዓይነቱ መያዣ እጅግ የቆየ ነው፤ በ79 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በሮማውያን ከተማ በፖምፔይ መላጊያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። የእንጨት መላጊያ የያዘ ሰው በመጀመሪያ የፊት ጫፉን ይመልከት። በተለይ በእንግሊዝ አገር በተሠሩት ላይ የሠሪው ስም እዚያ ይታተማል። አንዳንዴ ከሱ አጠገብ ሌሎች ትናንሽ ስሞች ይገኛሉ፤ እነዚህ ተራ በተራ የያዙት አናጢዎች ስሞች ናቸው። እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁት!

ሁለተኛው ዘር የብረት ነው፤ የጓደኛችን አያት መላጊያም ከዚህ ወገን ነው። ሊዮናርድ ቤይሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1867 ባወጣቸው የፈጠራ መብቶች፣ ምላጩን በመዶሻ እየመቱ ማውጣትና ማስገባት ቀርቶ በመዘውር እንዲስተካከል አደረገ። በ1869 ስታንሊ የተባለው የኮነቲከቱ ድርጅት መብቶቹን ገዛው። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር በየአገሩ ተቀድቷል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ሬኮርድ በሚል ስም ከ1931 ጀምሮ ተሠርቷል። ስለዚህ በመልኩ ብቻ «ይህ ስታንሊ ነው» ማለት አይቻልም፤ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

አካሉ ላይ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ቁጥሩን የጥራት ደረጃ አድርጎ ያየዋል፤ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው መጠኑን ነው። ቁጥር 4 ወደ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ቁጥር 5 ወደ 35፣ ቁጥር 7 ደግሞ ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ርዝመቱስ ለምን ይለያያል ቢባል፣ ረጅሙ መላጊያ በጉድጓዱ ላይ ተንሳፎ ጉብታውን ብቻ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጣውላውን ያቀናል። አጭሩ ግን ወደ ጉድጓዱም እየገባ ይከተላል፤ ስለዚህ የሚያገለግለው የቀናውን ለማለስለስ ነው። በቁጥር 4 የጠረጴዛ ጣውላ ለማቅናት ቀኑን ሙሉ ላቡን የሚያፈስ ተማሪ አይተናል። ጥፋቱ የክንዱ አልነበረም።

ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ ምላጩንና ከሥሩ ያለውን አካል ማየት ነው። በአንዳንድ ስታንሊዎች አካል ላይ ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ «ማርች 25፣ 02»። ይህ መላጊያው የተሠራበት ቀን ሳይሆን የፈጠራው መብት የተሰጠበት ቀን ነው፤ 02 ማለትም 1902 ነው። ሦስት ቀኖች ተደርድረው የመጨረሻው «ኤፕሪል 19፣ 10» ከሆነ ከ1910 በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው። ከምላጩ በላይ የሚጫነው ክዳን ቀዳዳው የኩላሊት ቅርጽ ካለው ከ1933 ወዲህ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ናቸው። ምላጩ ላይ ያለው የልብ ሥዕል ከ1920 እስከ 1935 ገደማ የነበረ ምልክት ነው። ሆኖም ምላጭ ስለሚለወጥ ብቻውን አይመሰክርም።

የጓደኛችን መላጊያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁጥር 5 ነው። ክዳኑ የድሮው ዓይነት ሲሆን ምላጩ ላይ ግን «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ምላጭ ተስሎ ተስሎ አልቆ ወይም ተበላሽቶ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። የኋላ እጀታው የፋብሪካ ሳይሆን ከወይራ የተቀረጸ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። ጓደኛችን እጁን ሲያሳርፍበት ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን።

ወደ ጽዳቱ እንለፍ። ዝገቱ በላምባና በብረት ሱፍ ይለቃል፤ ሞረድ አያስፈልገውም። አካሉ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ምላጩ የሚወጣበትን አፉን ዙሪያውን አጽድታችሁ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን እዩ። ብሎን ከጠፋ ደግሞ በጉልበት ሌላ አታስገቡ። የስታንሊ ብሎኖች ጥርሳቸው ለብቻው ስለሆነ የሜትር ሥርዓት ብሎን ይዞት ይበላሻል፤ ከሌላ አሮጌ መላጊያ ፈትቶ መውሰድ ይሻላል።

አሁን ኑዛዜያችን። ከዚህ ቀደም ከዕቃ ቤት ያገኘነውን አንድ ምላጭ ቶሎ ይሳል ብለን በኤሌክትሪክ መሳያ ላይ ያዝነው። ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ብረቱ ሲግል ጥንካሬው ስለሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢሳል ጥቂት ገፍተን ይደንዝ ጀመር። ሰማያዊው ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ አንድ ሳምንት ፈጀብን። በመሳያ ድንጋይ ላይ በእጅ ይሳል፤ ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ያህል ይሁን፤ ጠፍጣፋው ጀርባም መስተዋት እስኪመስል ይለስልስ። ጀርባው ዝገት ከበላው ስለቱ አይቆምም።

ሲገጠም ተዳፋቱ ወደ ታች ነው። በቤይሊ ዓይነት መላጊያ ገልብጠው ገጥመው «አይቆርጥም» የሚሉ ብዙ ናቸው። በምላጩ ላይ የሚደረበው ብረት ከስለቱ ለማለስለስ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ለሸካራ ሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቅር። በሁለቱ መካከል ብርሃን ከታየ ፍቅፋቂው እየገባ አፉን ይዘጋዋል። መዘውሩን ምንጊዜም ወደ ማስወጣት እየዞራችሁ ጨርሱ፤ ያለዚያ ምላጩ ሥራ ላይ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል።

የእንጨቱ ዓይነት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዋንዛ እሺ ይላል፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ያስለቅሳል። ፊቱ እየተቦጨቀ ከመጣ ጅማቱ ወደ እናንተ ስለዞረ ነውና ጣውላውን አዙራችሁ ሞክሩ።

የአያትየው መላጊያ በሦስተኛው ቀን ከአንድ የዋንዛ ጣውላ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፍቅፋቂ አወጣ። ጓደኛችን ፍቅፋቂውን በደብዳቤ ውስጥ አድርጎ ለእናቱ ልኳል። ከቤታችሁ የቀረ ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ እጅ ሥራ ክፍል ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ላምባው ከእኛ፣ ጨርቁ ግን ከእናንተ።