መንኰራኵር እግር ሲሆን

ያለፈው ጳጉሜን እንደ ወትሮው ሁሉ ለወላጆች የሩጫ ሰሞን ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ብቻ ስለ ቀሩ፥ ደብተርና ቦርሳ፥ ጫማና የደንብ ልብስ የሚገዛው ሕዝብ በአዲስ አበባ የገበያ ሕንፃዎች ደጃፍ ተሰልፎ ፍተሻ ይጠብቃል። እኔም በአንዱ ሕንፃ ደጃፍ ከተሰለፉት መካከል ነበርሁ።

ከፊቴ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሰው ነበሩ። የተቀመጡባት መሣሪያ ወጣቶች በየአስፋልቱ ቆመው የሚነዷት፥ በባትሪ የምትሄደው ስኩተር ናት፤ ነገር ግን በያጅ እጅ ገብታ መልኳ ተለውጧል። በመቆሚያዋ ላይ የወንበር ብረት ተበይዶ፥ በብረቱም ላይ ስፖንጅ ተጠቅልሎ፥ ከጎኗ ደግሞ አንድ ክራንች በገመድ ታስሮባታል። የሰውየው ቀኝ እግር ከጉልበት በታች የለም።

ተራቸው ሲደርስ ወጣቱ ጥበቃ በትሕትና እጁን ዘርግቶ፥ «አባቴ፥ በዚህ መግባት አይቻልም። እዚህ ጥግ ያቁሟት፤ እኔ እጠብቅልዎታለሁ» አላቸው።

«እርሷን ካቆምኋት እኔ በምን ልገባ ነው ልጄ?»

«ክራንች አለዎት አይደል?»

«ክራንቹ ከመኝታ እስከ ደጅ ነው። ይህን ሁሉ ፎቅ በክራንች ዞሬ ልጨርሰው? እርሷ እኮ እግሬ ናት። አንተ ስትገባ እግርህን በር ላይ ታቆማለህ?»

ጥበቃው አፈረ። ቢሆንም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና አላሳለፋቸውም። በዚያው ሰዓት ከመስተዋቱ በር ወዲያ፥ በታችኛው አዳራሽ ውስጥ፥ የአንበሳና የዝሆን መልክ ያላቸው በባትሪ የሚሄዱ መጫወቻዎች ሕፃናትን በጀርባቸው አስቀምጠው በሰው መካከል ይዞሩ ነበር። የአንዱ ዙር ዋጋም በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። እንግዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኀይል ተቀምጦ መሄድ ነውር አልነበረም ማለት ነው፤ የተከለከለው መሄጃ ሌላ ለሌለው ሰው ብቻ ነበር።

ሰውየው ገንዘብ ቈጥረው አብሯቸው ለመጣው የጎረቤት ልጅ ሰጡና፥ የልጅ ልጃቸውን ቦርሳ እርሱ ገዝቶ እንዲያመጣ ላኩት። «ሰማያዊ ነው ያለችኝ፤ አደራህን፥ ሰማያዊ» እያሉ ሁለት ጊዜ ደገሙለት።

መጀመሪያ በጥበቃው ላይ ለመፍረድ ቃጥቶኝ ነበር። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄው ከአንድ ጥበቃ አቅም በላይ ሆኖ አገኘሁት። ለአንዱ መዝናኛ፥ ለሌላው እግር የሆነ መሣሪያ በሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ ቢመስልም፥ በአሜሪካ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። እዚያም ክርክሩን ያነሣሣው ሴግዌይ የተባለ መሣሪያ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ዲን ካመን የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ሴግዌይን ለሕዝብ ያሳየው ዲሴምበር 3 ቀን 2001 በኒውዮርክ ከተማ ነው። መሣሪያው ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ጎማዎች፥ በመካከላቸው መቆሚያ፥ ከፊቱም መያዣ አለው። ጋይሮስኮፕ የሚባሉት የሚዛን መለኪያዎች የነጂውን ሰውነት ዘንበል ማለት ይከታተላሉ፤ ወደ ፊት ሲያዘነብል ይሄዳል፥ ቀጥ ሲል ይቆማል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዋጋው ወደ 5 ሺህ ዶላር ነበር። ፈልሳፊው አውቶሞቢል የፈረስን ጋሪ እንደ ተካ ሁሉ ሴግዌይም በከተማ ውስጥ የአውቶሞቢልን ቦታ ይወስዳል የሚል ተስፋ ነበረው።

ተስፋው አልሠመረም። በሃያ ዓመት ውስጥ የተሸጠው ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ብቻ ሲሆን፥ በ2020 ማምረቱ ቆመ። ከገዙት መካከል የሚበዙት አስጐብኚዎች፥ ፖሊሶችና የገበያ አዳራሽ ጥበቃዎች ነበሩ። በ2009 የወጣ አንድ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም እንኳ በሴግዌይ ላይ ቆሞ የገበያ አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ታሪክ ነው። ነገሩን ልብ ላለው ሰው ግን ከፊልሙ ይልቅ የሚያስገርም ሌላ ቁም ነገር አለበት፤ ጥበቃው በአዳራሹ ውስጥ የሚነዳውን መሣሪያ፥ መራመድ የተሳነው ደንበኛ ይዞ ሲመጣ በር ላይ የሚከለከልበት ጊዜ ነበርና።

የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ የመሣሪያው አወላለድ ነው። ሴግዌይ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ጥበብ አስቀድሞ የታሰበው ለጤነኛ ሰው አልነበረም። ካመን አይቦት የተባለ፥ ደረጃ የሚወጣና በሁለት ጎማ ቀጥ ብሎ የሚቆም ወንበር ለአካል ጉዳተኞች ሲሠራ ነበር፤ ጥበቡን ከዚያ ወንበር ወስዶ ነው ሴግዌይን ያበጀው። ሴግዌይ በገበያ የቀረበው ግን ለሁሉ ሰው መጓጓዣ ተብሎ እንጂ ለሕሙማን መርጃ ተብሎ አይደለም። አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ፈልገው አገኙት። በጦርነት እግራቸውን ያጡ ወታደሮችና ጡንቻ የሚያደክም ደዌ ያለባቸው ሰዎች፥ መቆም እየቻሉ ብዙ መራመድ ያልቻሉ ሁሉ፥ በሴግዌይ ላይ ሲወጡ እንደ ሰው ቆመው፥ ከሰው ጋር ዐይን ለዐይን ተያይተው መነጋገር ቻሉ። ዘወትር ከታች ወደ ላይ አንጋጦ ለሚነጋገር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሕንፃ ባለቤቶችም ፍርሃት ያላቸው በከንቱ አይደለም። በሰው በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ ከነነጂው ቢስት፥ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ሊጥል ይችላል። በ2015 በቤይጂንግ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ውድድር፥ በሴግዌይ ቆሞ ሲቀርፅ የነበረ ካሜራ ሠሪ ከኋላ መጥቶ የ200 ሜትሩን አሸናፊ ዩሴይን ቦልትን መሬት ላይ እንደ ጣለው ያየን ሰዎች አንረሳውም። በዓለም በፍጥነት የሚወዳደረው የሌለ ሰው ካላመለጠ፥ በክራንች የሚሄደውስ እንዴት ያመልጣል?

ከግጭቱ ይልቅ የሚያስፈራው እሳት ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ሊቲየም ባትሪ ጥራት ሲጐድለው፥ ሲጋጭ ወይም ባልሆነ ቻርጀር ሲሞላ በድንገት ይቀጣጠላል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። በ2016 በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ከ500 ሺህ በላይ ሆቨርቦርዶች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል። በሎንዶንም እንዲሁ በባቡር ውስጥ ስኩተር እየተቃጠለ ስላስቸገረ፥ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2021 የግል የኤሌክትሪክ ስኩተሮችን ከባቡርና ከአውቶቡስ፥ ከጣቢያዎቹም ሁሉ ከለከለ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ይህ ጥብቅ ክልከላ የአካል ጉዳተኞችን መሄጃ ስኩተሮች አይነካም። እንክርዳዱን ለመንቀል ሲባል ስንዴው አብሮ አልተነቀለም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ ጥበቃው የጠየቀው ያ ጥያቄ ነው። «ክራንች አለዎት አይደል?» ማለት፥ በሌላ መንገድ ለመግባት ከቻሉ ይህኛው ለምን ያስፈልግዎታል ማለት ነው። ይኸው ጥያቄ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በዲዝኒላንድ ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። ጡንቻ የሚያደክም ሕመም ያለባት አንዲት እናት የልጇን ስምንተኛ ዓመት ልደት ለማክበር ወደ መናፈሻው በሴግዌይ ልግባ ብላ ተከለከለች። የመናፈሻው ጠበቆች በባለ ጎማ ወንበር መግባት ትችላለች፤ ስለዚህ ሴግዌዩ የግድ አስፈላጊ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ።

የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 ይህን ክርክር አልተቀበለውም። ለማስረዳትም የቀድሞ ታሪክ ጠቀሰ። በቴነሲ ክፍለ ግዛት እግሮቹ የማይታዘዙለት አንድ ሰው ለክስ ተጠርቶ፥ ፍርድ ቤቱ አሳንሰር ስለሌለው ደረጃውን እየዳኸ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን አልድህም፥ ሰውም አይሸከመኝም ስላለ አልቀረበም ተብሎ ታሰረ። የእርሱ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2004 ተፈርዶለታል። እንግዲህ «በሌላ መንገድ ከቻልህ ይበቃሃል» የሚለው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት፥ እየዳኹ መግባት እስከ ተቻለ ድረስ አሳንሰርም መወጣጫም አያስፈልግም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ መናፈሻው የግድ ሴግዌይን ያስገባ አላለም፤ አደገኛ መሆኑን ካስረዳ ሊከለክል ይችላል። ነገር ግን ጤነኛው እንግዳ የሚያገኘውን ደስታ አካል ጉዳተኛውም በተቻለ መጠን እንዲያገኝ መጣር አለበት አለ።

በዚያ አገር ከማርች 2011 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። በእጅም ሆነ በባትሪ የሚሄድ፥ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ ወንበር ሰው በእግሩ በሚሄድበት ሁሉ ይገባል። ለአካል ጉዳተኛ ተብለው ያልተሠሩትን፥ እንደ ሴግዌይና እንደ ስኩተር ያሉትን ደግሞ ጉዳተኛው ሲጠቀምባቸው የሕንፃው ባለቤት በደፈናው መከልከል አይችልም። የመሣሪያውን መጠን፥ ክብደትና ፍጥነት፥ የሕዝቡን ብዛት፥ የአዳራሹን ስፋትና አሠራር፥ ለደኅንነት የሚያስፈልገውንም ጥንቃቄ መዝኖ ይወስናል። የደኅንነቱም ምክንያት በእውነተኛ አደጋ ላይ እንጂ በግምት ወይም ስለ አካል ጉዳተኞች በሚወራ ወሬ ላይ ሊመሠረት አይገባም። ሕመምህ ምንድር ነው ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው። መሣሪያው ለጉዳትህ ያስፈልግሃልን ብሎ ማረጋገጫ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ መንግሥት የሚሰጠው የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ካርድ፥ ወይም የሚታየው ነገር የማያስተባብለው የሰውየው ቃል ይበቃል።

በቃል ከሆነማ ውሸታም መች ይጠፋል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አይጠፋም። ነገር ግን ደንቡ ለዚህም መልስ አለው፤ በቀስታ የማይነዳውን፥ ሰው የሚገፋውን፥ ጉዳተኛም ይሁን ጤነኛ፥ ማስወጣት ይቻላል። የሚመዘነው ጠባዩ ነው። አንድ አታላይ እንዳይገባ ተብሎ አንድ እግር የሌለው ሰው ደጅ ቢቀር፥ ትርፉ የማን ነው?

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624/2001፥ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ባለ ጎማ ወንበር ለሚጠቀሙ፥ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። በዚያ በተሰለፍሁበት ሕንፃ ደጃፍም መወጣጫው አምሮ ተሠርቷል፤ በጎንና በጎኑም የሚያብረቀርቅ ብረት አለው። ሰውየው የተከለከሉት በዚያው መወጣጫ ላይ ወጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ሕጉ ስሚንቶውን አስፈስሷል፤ በሩን ግን አልከፈተውም።

በሩን ለመክፈት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጤነኛው ወጣት ስኩተሩን አጥፎ ውጭ ያቁም፤ ይህ ተገቢ ነው። እግር ለሌለው ግን በሰው እርምጃ ፍጥነት እንዲሄድ፥ በሰዓቱም በአሳንሰሩ እንዲወጣ ይፈቀድለት። ባትሪ በአዳራሹ ውስጥ መሙላት ለማንም ክልክል ይሁን። መሣሪያው በእርግጥ የማይገባ ከሆነ ደግሞ፥ ሕንፃው በበሩ አጠገብ አንድ ሁለት ባለ ጎማ ወንበር አዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ የሰውን መሄጃ የሚወስድ ምትኩን መስጠት አለበትና። ይህም ሁሉ በሰሌዳ ተጽፎ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ያ ትሑት ወጣት ጥበቃ «አይቻልም» ከማለት ይልቅ «እንዴት ልርዳዎ?» ለማለት ሥልጣን ያገኛል። በዚያ ቀን እርሱ የጐደለው ደግነት አልነበረም፤ የሚይዘው ደንብ ነበር።

የጎረቤቱ ልጅ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሮዝ ቦርሳ ይዞ ወጣ። «ሰማያዊው አልቋል» አለ። ሰውየው ቦርሳውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፥ ዚፑን ከፍተው ዘጉት፥ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው ከስኩተሯ መያዣ ላይ አንጠለጠሉት። እኔም ገብቼ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስወጣ በአንድ ሱቅ በር ላይ ሰማያዊ ቦርሳዎች በረድፍ ተሰቅለው አየሁ። ልጁ ወደ ላይ አልወጣም ነበር። ልነግራቸው ደረጃውን ወርጄ ብደርስ ሄደዋል።

መጪው ጳጉሜን ሳይደርስ፥ የሕንፃ ባለቤቶች የበራቸውን ደንብ ጽፈው ይለጥፉ ዘንድ ከአደራ ጋር አሳስባለሁ። ሰው የልጅ ልጁን ቦርሳ ቀለም ራሱ ገብቶ ይምረጥ።