ወረቀቱ ለምን መሳቢያ ውስጥ ተደበቀ?



በቂርያት ጋት የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ትቶ፣ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የኩፓት ሆሊም ሐኪም ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት እናትየዋ መሳቢያ ውስጥ ደበቁት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «እኅቴ፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ እኮ! አስረው በኤሌክትሪክ ያቃጥሉታል» አሉኝ።

ያዩት ፊልም በዕብራይስጥ «ኬን ሀኩኪያ» የሚባለው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በሚሎሽ ፎርማን ተዘጋጅቶ አምስት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተውን በሽተኛ ሳያደነዝዙ በኤሌክትሪክ ይቀጡታል፤ በመጨረሻም አንጎሉን ቀደው በድን ያደርጉታል።

እናትየዋ ከሜዳ ተነሥተው አልፈሩም። እንዲህ ያለው የአንጎል ቀዶ ጥገና ቀደም ባለው ዘመን በብዙ አገር ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀርቷል። የኤሌክትሪክ ሕክምናም ቢሆን ቅጣት አይደለም፤ በተለይ ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ የሚሰጥ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ በንግግርና በመድኃኒት ይታከማል፤ የሚያድረውም በቤቱ ነው።

ስለ እኛ መንገድ የተሠራ ሌላ ፊልም ደግሞ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ራዱ ሚኻይሌያኑ ያዘጋጀው ሲሆን፣ የፈረንሳይኛ ስሙ «ሂድ፣ ኑር፣ ሰው ሁን» እንደ ማለት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን የመጣ ሕፃን ምግብ እምቢ ይላል፤ አልጋ ትቶ መሬት ላይ ይተኛል። ገላውን ሲያጥቡት ውኃው ወደ ጉድጓድ ሲፈስ አይቶ ይጮኻል። ቢላዋ የያዘ እብድ በዚህ ፊልም የለም፤ እናቱን የናፈቀና ምሥጢር የከበደው ልጅ ነው ያለው። የሱዳንን በረሃ ያየ ሰው ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኛ ግን በቤታችን ስናየው «ሰነፈ»፣ «ጠገበ» እንላለን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፍርሃታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሌሊት ጭንቀት ቢበረታ ኤራን የተባለው ድርጅት በ1201 ስልክ ያነጋግራል።

እናትየዋ በመጨረሻ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጡት። «አብሬው መግባት እችላለሁ?» ሲሉም ጠየቁኝ። ልጁ ከፈቀደ ይችላሉ አልኳቸው። ልጁም ፈቀደ።