የዓሣ ገንዳ ማቆሚያ፦ ምሰሶ፣ ማገርና ውሃ ልክ

ማታ ማታ ከሥራ መልስ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ አገር ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን መሐንዲስነቴ አስገድዶኝ፣ እዚህ ቶሮንቶ ብሉር መንገድ አካባቢ በወገኖቼ ቤት ደጋግሜ የማየውን ነገር ላንሳ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ልጆች ዓሣ ይወዳሉ፤ ገንዳ ይገዛና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ይቀመጣል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በሱቅ 55 ጋሎን የሚባለው ገንዳ 208 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የመስተዋቱን 35 ኪሎና የጠጠሩን 25 ኪሎ ስትጨምሩበት ወደ 270 ኪሎ ይጠጋል። አራት ጎልማሶች ሌት ተቀን አንድ ቦታ ተጠጋግተው እንደ መቆም ማለት ነው። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቺፑድ የተሠራ ነው፤ ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ብሎኑንም ይለቃል።

አገር ቤት የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። ምሰሶው ይሸከማል፤ ማገሩ እንዳይዘም አስሮ ይይዛል። የእኛም ማቆሚያ እንዲሁ ነው።

አንደኛ፣ ምሰሶው። ለእግር «ቱ ባይ ፎር» የሚባለው እንጨት ይበቃል፤ ስሙ ሁለት በአራት ኢንች ቢልም ትክክለኛ ልኩ 38 በ89 ሚሊሜትር ነው። ዋናው ነገር የላይኛው ክፈፍ በእግሮቹ አናት ላይ ማረፉ ነው። ያኔ ክብደቱ ከእንጨት ወደ እንጨት እያለፈ መሬት ይደርሳል፤ ብሎኑ ማያያዣ ብቻ ይሆናል። ክፈፉን ከእግሮቹ ጎን በብሎን ብታንጠለጥሉት ግን ያ ሁሉ ኪሎ በጥቂት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ይወድቃል። ገንዳው 122 ሴንቲሜትር ስለሚረዝም ለክፈፉ 140 ሚሊሜትር ቁመት ያለውን «ቱ ባይ ሲክስ» አቁማችሁ ተጠቀሙ፤ ከ«ቱ ባይ ፎር» ይልቅ መጉበጡ በአራት እጥፍ ያህል ይቀንሳል። መሐል ላይ እግር ስለማያስፈልግም ፊቱ ለበር ክፍት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ማገሩ። ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖች በ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በኮላና በብሎን ልበጡ። ይህ ከሌለ ልጅ ሲደገፈው እግሮቹ ይዘማሉ። ውበቱም ከዚሁ ይመጣል፦ ፊቱ ላይ ሁለት በር፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ፣ ከዚያም ደጋግሞ የተቀባ ቫርኒሽ። ማጣሪያውና ቱቦው ውስጥ ይደበቃሉ፤ እንጨቱም ከውሃ ጠብታ ይጠበቃል።

ሦስተኛ፣ ውሃ ልክ። መስተዋት እንደ እንጨት አይታጠፍም፤ ማረፊያው ከተዛባ ይሰነጠቃል። በአራቱም ጎን በውሃ ልክ ለኩ። ሽብልቅ ካስፈለገ ከማቆሚያው ሥር ይግባ እንጂ ከገንዳው ሥር አይግባ። ግማሹን ሞልታችሁ አንድ ቀን ካሳደራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ።

ወለሉንም አትርሱ። ከብሉር ግራና ቀኝ ባሉት መንገዶች ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌ፣ ወለላቸውም እንጨት ነው። የኦንታሪዮ የሕንፃ ደንብ ለመኖሪያ ወለል የሚያስቀምጠው ጭነት 1.9 ኪሎፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 190 ኪሎ ገደማ ነው። የእኛ ገንዳ 270 ኪሎውን የሚያሳርፈው በ0.4 ካሬ ሜትር ላይ ነው። የደንቡ ቁጥር ለክፍሉ በሙሉ ስለሆነ ገንዳ ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ ቦታ መምረጥ ግን ግድ ነው። ወለሉን የሚሸከም ግድግዳ አጠገብ፣ ከሥር ያሉትን አግዳሚ እንጨቶች አቋርጦ ይቀመጥ፤ ያኔ ብዙዎቹ ሸክሙን ይካፈላሉ። ምድር ቤት የሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነማ ጭንቀቱ ይቀራል።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ገንዳውን ከመግዛታችሁ በፊት ባለቤቱንና የኢንሹራንስ ውላችሁን ጠይቁ። 208 ሊትር ውሃ ሲፈስ የሚወርደው ከሥር በሚኖረው ቤተሰብ ራስ ላይ ነውና።

ቸር ይግጠመን።