የአፄ ፋሲል መዋኛና የውሃ ቦዩ፦ ከጉብኝት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በጎንደር ከተማ የሚገኘውን የአፄ ፋሲል መዋኛ ለማየት የሚጓዙ በርካታ ጎብኚዎች ዓመቱን ሙሉ በውሃ የተሞላ ገንዳ እንደሚጠብቃቸው ያስባሉ። ይሁን እንጂ ገንዳው በአብዛኞቹ የዓመቱ ወራት ደረቅ ነው። ውሃ የሚገባበት የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ሲሆን፣ ውሃውም ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚመጣ ነው። ዜጎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን በአግባቡ ተጠቅመው፣ ለራሳቸውም ለቅርሱም ተጠንቅቀው እንዲጎበኙ የሚረዳ መረጃ ከዚህ በታች ቀርቧል።

የቅርሱ ታሪክ በአጭሩ

አፄ ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡ ሲሆን፣ ጎንደርን የመንግሥታቸው መቀመጫ ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። መዋኛው በእርሳቸው ስም ይጠራል። ግንባታው የልጅ ልጃቸው የቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ሥራ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎችም አሉ። ስፍራው ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ከፋሲል ግቢና ከሌሎች የጎንደር ዘመን ሕንፃዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚሁ ስፍራ በየዓመቱ በድምቀት የሚከበረው የጥምቀት በዓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት ተመዝግቧል። በመሆኑም ጎብኚው በአንድ ስፍራ ሁለት ዓይነት ቅርስ ያገኛል፤ አንደኛው በድንጋይና በኖራ የታነጸ፣ ሁለተኛው በሕዝብ እምነትና ሥርዓት የሚኖር።

ውሃው እንዴት ይመጣል?

የቦዩ አሠራር ቀላል በሆነ የተፈጥሮ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። ውሃ ያለ ሞተር ኃይል ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ስለሚወርድ፣ ወንዙ ከገንዳው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተጠልፎ በተዳፋት ወደ ግቢው እንዲፈስ ይደረጋል። ይህ ተዳፋት ልክ ሊኖረው ይገባል። ከመጠን በላይ ከወረደ ውሃው ቦዩን ይሸረሽራል፤ ከመጠን በላይ ከተስተካከለ ደግሞ ደለል ይከማቻል።

ጥር የበጋ ወር በመሆኑ የወንዙ ውሃ የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ገንዳ መሙላት በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ አስቀድሞ መጀመርና ቦዩን መጥረግ ይጠይቃል። በቦዩ ወይም በወንዙ ላይኛ ክፍል የሚጣል ቆሻሻ ውሃው ወደ ገንዳው እንዳይደርስ ከማድረጉም በላይ፣ ምእመናን የሚጠመቁበትን ውሃ ይበክላል። የቅርሱ ደኅንነት ከግቢው አጥር ውጭ የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጎብኚው ምን ያያል?

በገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመ ባለፎቅ ሕንፃ ይገኛል፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰውም የድንጋይ ድልድይ ነው። ገንዳው ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ ሕንፃውን የተሸከሙትን ቅስቶችና የገንዳውን ግድግዳ አሠራር አጥርቶ ማየት ስለሚችል፣ ጉዞው ከንቱ አይሆንም። በዙሪያው ካለው የግንብ አጥር ላይ የበቀሉ ትልልቅ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ ዘርግተው ይታያሉ። ሥሮቹ ለዓይን ቢማርኩም ለጥበቃ ሥራ ፈታኝ ናቸው። እያደጉ በሄዱ ቁጥር ድንጋዩን ይፈለቅቃሉ፤ በዘፈቀደ ቢቆረጡ ደግሞ ለረጅም ዘመን አቅፈው የያዙት ግንብ ሊናድ ይችላል። ስለሆነም ጎብኚዎች በሥሮቹ ላይ መንጠላጠልም ሆነ በግንቡ ላይ መውጣት የለባቸውም።

በዚያው ግቢ አቅራቢያ በአፈ ታሪክ የዞብል ፈረስ መቃብር ተብሎ የሚታወቅ ክብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሕንፃ አለ። ስለ እርሱ የሚነገረውን ትረካ ከአካባቢው አስጎብኚዎች መስማት ይቻላል።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ሕንፃውን በጸጥታ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሳት ከበዓል ውጭ ያሉት የበጋ ቀናት ተመራጭ ናቸው። ሥርዓቱን ለመታደም የሚፈልጉ ግን ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው በሚያድሩበት በጥር 10 የከተራ ዕለት እና በጥር 11 የጥምቀት ዕለት መገኘት አለባቸው። በእነዚህ ቀናት ከተማዋ ከአገር ውስጥና ከውጭ በሚመጡ እንግዶች ስለምትጨናነቅ፣ ማረፊያና የጉዞ ትኬት አስቀድሞ መያዝ አስፈላጊ ነው። በአውሮፕላን የሚጓዙ በአዘዞ አካባቢ በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳሉ። በመኪና የሚጓዙ የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ከመነሳታቸው በፊት ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።

ትኬትና አስጎብኚ

በተለመደው አሠራር የመግቢያ ትኬት የሚቆረጠው በፋሲል ግቢ መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ መዋኛው የሚሄዱ ጎብኚዎች ተመልሰው ሁለት ጊዜ እንዳይጉላሉ ጉብኝታቸውን ከፋሲል ግቢ ቢጀምሩ ይመረጣል። ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች የሚከፈለው ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያ መያዝ ይገባል። ክፍያ ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበልና እስከ ጉብኝቱ ፍጻሜ መያዝ የጎብኚው መብትም ግዴታም ነው። አስጎብኚ ሲቀጠር መታወቂያውን ማየትና በዋጋ ላይ ጉብኝቱ ሳይጀመር መስማማት አለመግባባትን ያስቀራል። ለፊልም ቀረጻና ድሮን ለማስነሳት ከሚመለከታቸው አካላት ቅድሚያ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

በበዓሉ ቀን ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ በጥምቀት በዓል ላይ ለታዳሚዎች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ማለፉና በርካቶች መጎዳታቸው ይታወሳል። ይህ አሳዛኝ አደጋ እንዳይደገም ከአዘጋጆች በተጨማሪ የታዳሚዎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

• ከአቅሙ በላይ ሰው በያዘ መቀመጫ ላይ አለመውጣት፤ የአስተባባሪዎችንና የፖሊስን መመሪያ ማክበር።
• ዋና የማይችሉ ሰዎች ወደ ገንዳው አለመግባት፤ ከግንብ ወይም ከዛፍ ላይ ወደ ውሃው አለመዝለል።
• ሕፃናትንና አረጋውያንን ከግፊያ ማራቅ፤ ቤተሰብ ቢጠፋፋ የሚገናኝበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን።
• ጸሎትና ቡራኬ በሚካሄድበት ጊዜ የእምነቱን ሥርዓት ማክበርና ተስማሚ ልብስ መልበስ።

ኃላፊነትና ቅሬታ

ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ የተደረገለት የሕዝብ ሀብት ነው። በግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ድንጋይ ነቅሎ መውሰድም ሆነ በሌላ መንገድ ጉዳት ማድረስ በሕግ ያስጠይቃል። የተናደ ግንብ፣ የተዘጋ ቦይ ወይም ሌላ ጉዳት የተመለከተ ሰው ለቅርሱ ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ቢያሳውቅ፣ ጥቂት ድንጋይ በመመለስ ሊጠገን የሚችለው ጉዳት ሳይሰፋ ይደረስበታል።

በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ቅሬታ ያለው ጎብኚ በመጀመሪያ በቦታው ላለው ኃላፊ ያቀርባል። በምላሹ ካልረካ ደረሰኙን፣ ዕለቱንና ሰዓቱን ጠቅሶ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ቀጥሎም ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማመልከት ይችላል። በዝርዝር የቀረበ ቅሬታ ፈጣን ምላሽ ለማግኘት ይረዳል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጎብኚም አገልግሎቱን ያሻሽላል።