የቢስክሌተኛው ዓመት

አንባቢ ሆይ! የቢስክሌት እሽቅድምድም በተደረገበት ቀን ከመንገድ ዳር ቆመህ ተመልክተህ ይሆናል። በመጀመሪያ የሞተር ቢስክሌት ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ሕዝቡ አንገቱን ያሰግጋል፤ ወዲያውም ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ሹራብ የለበሱ ወጣቶች ጀርባቸውን አጉብጠው፣ እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው ያልፉና ከዓይን ይሰወራሉ። ያየኸው ነገር ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ያበቃቸው ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳህ ስለዚያ ስለማይታየው ዓመት፣ በተለይም ስለ አማተሩ ቢስክሌተኛ ዓመት ይሆናል።

አማተር የሚባለው ቢስክሌተኛ እንጀራውን በውድድር የማያገኝ ነው። ቀኑን በቢሮ፣ በጋራዥ፣ በሱቅ ወይም በትምህርት ቤት ይውላል፤ ልምምዱን የሚያደርገው ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ይህም ማዕረግ ዝቅተኛ አይምሰልህ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956፣ ወደ ሜልቦርን ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞችም ልካ ነበር። የዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ደንብ ከአማተር በቀር ሌላውን አያስገባም ነበርና፣ 188 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የመንገድ ውድድር የተሰለፉት ሁሉ አማተሮች ነበሩ። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ አንደኛ ሲሆን የእኛው ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆኖ ገባ። ሙያተኛ ቢስክሌተኞች ለኦሊምፒክ የተፈቀደላቸው ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1996 በአትላንታ ነው።

ታዲያ የአማተሩ ዋና ችግር ምንድን ነው? ብዙ ሰው የጉልበት ማነስ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ወጣት ሆኖ ጤናው የተሟላ ሰው ጉልበት አያጣም፤ የሚያጣው ጊዜ ነው። በሳምንት ስምንት ወይም አሥር ሰዓት ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። እነዚያም ሰዓቶች ከእንቅልፉ የተቆረሱ፣ ከልጆቹ ጋር ሊጫወትባቸው ይችል የነበሩ ሰዓቶች ናቸው። ስለዚህ አማተሩ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚያሸንፈው ብዙ የደከመ ሳይሆን ድካሙንና ዕረፍቱን በተራ ያስቀመጠ መሆኑ ነው።

ይህን ነገር በምሳሌ እናስረዳህ። የጭቃ ቤት ሲመረግ አይተሃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብበት ሁለቱም ተያይዘው ይወርዳሉ። የሰው ጡንቻም እንዲሁ ነው። ልምምድ ሰውነትን ያደክማል እንጂ በዚያው ሰዓት አያጠነክረውም፤ የሚያጠነክረው ከልምምዱ በኋላ የሚመጣው ምግብና እንቅልፍ ነው። ሰውነት የደከመውን ሲጠግን ለሚመጣው ድካም እንዲበቃ ከቀድሞው ጥቂት አጽንቶ ይጠግናል። ይህ ጥገና ሳይፈጸም ሌላ ድካም ቢጨመርበት ግን ግድግዳው ይወርዳል።

አሁን ዓመቱን ከመስከረም እንጀምር። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወጣቱ ቢስክሌተኛ በናፍቆት ይቃጠላል፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይጋልባል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ የሚሳሳቱት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የመሠረት ጊዜ ነው። በዚህ ወራት መጋለብ የሚገባህ ከጎንህ ካለው ጓደኛህ ጋር ሳታለከልክ ለመነጋገር በምትችልበት ፍጥነት ነው። ንግግርህ ከተቆራረጠ አብዝተሃልና ቀንስ። በዚህ ዝግ ባለ ጉዞ ልብህ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻህ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ጡንቻህም ስብን በማገዶነት መጠቀምን ይለምዳል። ይህ ሥራ ከውጭ አይታይም፤ በጥቂት ቀንም አይፈጸምም፤ ወራት ይፈልጋል።

የአዲስ አበባ ቢስክሌተኛ ለዚህ ትምህርት የሚሆን መልካም መንገድ አለው። ከከተማው እስከ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ሲሄዱ መንገዱ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ግን ያንኑ ሁሉ መውጣት ግድ ይሆናል። በመሄጃው የተጣደፈ ሰው በመመለሻው ዱከም ሳይደርስ ይቀጣል። ኃይልን ማከፋፈል የሚባለውን ትምህርት ከዚህ መንገድ የበለጠ የሚያስተምር መምህር የለም።

ሳምንትህን እንዲህ ብታከፋፍለው ይበጃል። ሰኞ ፈጽመህ ዕረፍ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተህ፣ መብራትህን አብርተህ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጋልብ። ረቡዕና ዓርብ ዕረፍ፤ ወይም ቢስክሌት ይዘህ ወደ ሥራህ በዝግታ መሄድ ይበቃሃል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ሦስት ወይም አራት ሰዓት የሚፈጅ ረዥም ጉዞ አድርግ። በየሦስት ሳምንቱም አንድ ሳምንት ከተለመደው ልምምድህ ግማሹን ቀንስ።

ሰውነትህ መጠገኑን ወይም አለመጠገኑን የምታውቅበት ምልክት አለ። ጠዋት ከአልጋህ ሳትነሣ የልብህን ምት ቁጠርና በደብተርህ ጻፈው። በመልካም የሠለጠነ ሰው ልብ በዕረፍት ሰዓት በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ ያነሰ ሊመታ ይችላል። የአንተ ቁጥር ምንም ይሁን፣ ከልማድህ ስምንት ወይም አሥር ምት ጨምሮ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቆይ፣ ምግብ ቢያስጠላህ፣ እንቅልፍ ቢነሳህ፣ በትንሹም በትልቁም ብትቈጣ፣ ቢስክሌቱን በቦታው ተወው። እንዲህ ያለውን ምልክት ንቆ «ስንፍና ነው» እያለ የሚጋልብ ሰው በጥቂት ሳምንት የሚድነውን ድካም ወራት የሚፈጅ ሕመም ያደርገዋል፤ ዓመቱም በከንቱ ያልፍበታል።

ከታኅሣሥ ወዲህ ሁለተኛው ክፍል ይጀመራል። መሠረቱ ቆሟልና አሁን ግድግዳው ይነሣል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብርቱ ልምምድ ጨምር። ለምሳሌ ያህል በእንጦጦ ዳገት ላይ አምስት ደቂቃ በብርቱ ትወጣለህ፤ አምስት ደቂቃ በዝግታ ታርፋለህ፤ ይህንኑ አራት ጊዜ ትደጋግማለህ። ማርሽህን አታክብደው። ፔዳሉን በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ለማዞር የሚያስችልህን ማርሽ ምረጥ፤ ከባድ ማርሽ በቀስታ የሚረግጥ ሰው የጉልበቱን መገጣጠሚያ ይጎዳልና። በቀሩት ቀኖች ግን እንደ መስከረሙ በዝግታ ጋልብ። ብርቱው ቀን ብርቱ፣ ቀላሉም ቀን በእውነት ቀላል ሊሆን ይገባል።

ስለ ምግብም ጥቂት እንናገር። ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚያነደው ከእህልና ከስኳር የተገኘውን ኃይል ነው፤ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውም ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ብርቱ ግልቢያ ብቻ የሚበቃ ነው። ይህ ስንቅ ሲያልቅ ቢስክሌተኛው በድንገት ይዝላል፤ ዓይኑ ይጨልማል፤ እግሩም አልታዘዝ ይለዋል። ስለዚህ ረሃብ ሳይሰማህ ብላ፤ ጥማት ሳይሰማህ ጠጣ። ለዚህም ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ነገር መፈለግ ግድ አይደለም። የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ የነበረው በሶ በማር ተለውሶ በኪስ ቢያዝ መልካም ስንቅ ነው፤ ሙዝም እንዲሁ።

በዚህ ላይ ጾመኛ የሆነ ቢስክሌተኛ የሚያሳስበው ነገር አለ። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም የሚውለው ውድድር በሚበዛበት ወራት ነው። የመጾምና ያለመጾም ነገር የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ጉዳይ ነው። የሚጾም ሰው ግን ብርቱ ልምምዱን በባዶ ሆዱ ጠዋት ከማድረግ ይልቅ ወደ ማታ፣ እህልና ውሃ ከቀመሰ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል። ጡንቻውን የሚጠግንለትም ምግብ አያጣም፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ለዚህ የሚበቁ ናቸውና።

ከዚህ በኋላ የውድድሩ ቀን ይመጣል። ውድድሩ ሊደርስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልምምድህን ርዝመት በግማሽ ያህል ቀንስ፤ ብርታቱን ግን አትተው። በዚያ ሳምንት ልምምድ በመጨመር የሚገኝ ጥቅም የለም።

በውድድሩ ላይ ትልቁ ባላጋራህ ነፋስ መሆኑን ዕወቅ። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ከኃይሉ አብዛኛውን የሚያጠፋው አየርን በመግፋት ነው። ፍጥነቱን በእጥፍ ቢያሳድግ የአየሩ መከላከል አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊት ያለው ሰው አየሩን እንደ ማረሻ ይሰነጥቀዋልና፣ ከኋላው የተጠጋው ከድካሙ ሩቡን፣ አንዳንድ ጊዜም ሲሶውን ያተርፋል። ስለዚህ ቢስክሌተኞች በተራ ይመራሉ፤ አንዱ ጥቂት መርቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካዋል። ይህ በእርሻ አገር የምናውቀው ደቦ ነው። ለሌላው ያልወጣ ለእርሱ የሚወጣለት አያገኝም።

ነፋስን ካነሣን ዘንድ የከፍተኛ ቦታን ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ለሳንባ ችግር ነው፤ ለሚሰነጥቀው ሰው ግን ይቀልለዋል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን የሜክሲኮን ከተማ የመረጠው ስለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከማሸነፍ ይበልጣል፤ እርሱም በሕይወት ወደ ቤት መመለስ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ቢስክሌት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ በመታጠፊያውም ዕቃ የጫነ መኪና፣ አህያ ወይም ጉድጓድ ሊጠብቀው ይችላል። ቸርኬው በዝናብ ከራሰ ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ወዲያው አይዝም። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካዛክስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስና ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ፣ ሙያተኞቹ ሳይቀሩ ያለ መከላከያ ቆብ እንዳይወዳደሩ ታዘዘ። እንዲህ ያለውን ቆብ ሳታደርግ ከደጃፍህ አትውጣ። በመኪና መንገድ ላይም ከጓደኞችህ ጋር ጎን ለጎን ሆነህ አትጋልብ፤ ወሬውን መንገዱ ጭር እስኪል አቆየው።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋል፤ የቢስክሌተኛውም ዓመት ይፈጸማል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢስክሌቱን ስቀለው። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥበህ ዘይት ቀባው፤ ያለቀውን ጎማ ለውጥ። ከቤተሰብህ የወሰድኸውን ሰዓት ለቤተሰብህ መልስ። ከዚያም ደብተርህን ገልጠህ አንብበው። በየትኛው ወር አብዝተህ ነበር? በየትኛው ውድድር ስንቅህ አለቀብህ? ስንተኛ እንደ ወጣህ ከመጠየቅ በፊት ይህን ጠይቅ፤ የሚመጣው ዓመት የሚሠራው ከዚህ መልስ ነውና።

በ2008 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016፣ በቱር ደ ፍራንስ በመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ሙያተኛ ከመሆኑ በፊት አማተር ነበረ። ሆኖም ከመቶ አማተር ዘጠና ዘጠኙ ወደዚያ አይደርሱም። አንተም ላትደርስ ትችላለህ። ቢሆንም ልብህ ጤነኛ፣ እንቅልፍህ ጣፋጭ፣ ትዕግሥትህ የተፈተነ ሆኖ ዓመቱን ከፈጸምህ ትርፍህ ጥቂት አይደለም።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። አንባቢ ሆይ! በመስከረም ጓደኛህ ጥሎህ ሲያልፍ ይህን ቃል አስታውሰህ በዝግታህ ጽና። በግንቦት ዳገቱ ላይ ትገናኛላችሁ።