«ዝም በል፣ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!» የልጆችን ፍርሃትና ብስጭት እንዴት እናግዝ?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። «ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ ማታ ሽንት ቤት ብቻዋን አትሄድም።» «መብራት ሲጠፋ እሪ ይላል።» «ዶክተር፣ ብስኩቱ ተሰበረ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያለቅሳል፤ ጤነኛ ነው?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ አብዛኞቹ ፍጹም ጤነኞች ናቸው። ግን እኛ ትልልቆቹ የምንሰጠው ምላሽ ያንን ፍርሃት ሊያሳንሰውም ሊያሳድገውም ይችላል። ዛሬ ስለዚህ እናውራ።

ፍርሃት በየዕድሜው ይለያያል

👉 ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ፦ ሕፃኑ እንግዳ ሰው ይፈራል። አክስቱ ልታቅፈው ስትል ይጮኻል። «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም» ትባላላችሁ። እውነቱ ግን የእናቱን ፊት ከሌላው መለየቱ ነው፤ የዕድገት ምልክት ነው። ከእናት ወይም ከሞግዚት የመለየት ፍርሃትም እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይበረታል።

👉 ከ2 እስከ 3 ዓመት፦ ድንገተኛ ድምፅ ያስፈራል። መብረቅ፣ የጁስ መፍጫ፣ የፀጉር ማሽን፣ የሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ፣ የውሻ ጩኸት።

👉 ከ3 እስከ 6 ዓመት፦ ጨለማ፣ ጭራቅ፣ አልጋ ሥር ያለ «ነገር»፣ መርፌ። በዚህ ዕድሜ ምናባቸው በፍጥነት ያድጋል፤ ያሰቡትንና በእውነት ያለውን የመለየት ችሎታቸው ግን ገና ነው። ስለዚህ በአእምሮው የሳለው ጭራቅ ለእሱ እውነተኛ ጭራቅ ነው።

👉 ከ7 ዓመት በላይ፦ ፍርሃቱ ወደ እውነተኛው ዓለም ይመጣል። ሌባ፣ ሞት፣ ፈተና፣ የወላጆች ጠብ፣ ከዜና የሰሙት ነገር።

«ምንም የለም እኮ!» ለምን አይሠራም?

ልጅ ሲፈራ አንጎሉ ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል የአደጋ ደወል ትደውላለች። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህንን ደወል «ቆይ፣ አደጋ የለም» ብሎ የሚያረጋጋው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ወደ 25 ዓመት ሲጠጋ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ይህ ፍሬን ገና አልተገጠመለትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍሬን የምንሆንለት እኛ ነን።

ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ «ምን ያስፈራሃል? ምንም የለም!» ስንለው የሚረዳው ነገር ምን መሰላችሁ? «እኔ ፈርቻለሁ፣ የሚያምነኝ ግን የለም» የሚለውን ነው። «አንተ ፈሪ!» ስንለው ደግሞ ስሙን ይቀበላል። ስሙን ሰጥተነው ጀግንነት መጠበቅ አይሆንም።

ፍርሃት ይለመዳል፣ ይረሳልም

እ.ኤ.አ. በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ዛሬ ፈጽሞ የማይፈቀድ ሙከራ አደረጉ። ሕፃኑ መጀመሪያ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። አይጧን በነካ ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ ሲመቱ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይጧን ገና ሲያያት ማልቀስ ጀመረ። ጥንቸል እንኳ ያስለቅሰው ነበር።

በ1924 ደግሞ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ሴት ተቃራኒውን አሳየች። ጥንቸል የሚፈራ 3 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ እያቀረበች፣ በመጨረሻ ልጁ በእጁ ዳሰሳት። ዛሬም ፍርሃትን ለማከም የምንጠቀምበት ዋናው መንገድ መሠረቱ ይኸው ነው፦ ቀስ በቀስ፣ ልጁ እየተረጋጋ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «ብላ፣ አለዚያ ጅቡ ይመጣል!» «ዝም በል፣ ቆራሌው ይወስድሃል!» «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!» እነዚህ እኮ ከኋላ ብረት ከመምታት ብዙም አይለዩም።

የመጨረሻዋ እኔን በቀጥታ ትመለከተኛለች። ገና በሩን ሲያይ እናቱ ቀሚስ ሥር የሚደበቅ ልጅ በየቀኑ አያለሁ። የሳንባ ምች የተጠረጠረበትን ሕፃን ስንመረምር አንዱ ወሳኝ ነገር በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ መቁጠር ነው። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው እንላለን። ይህ ቁጥር የሚታመነው ግን ልጁ ተረጋግቶ ሲቆጠር ብቻ ነው። እያለቀሰ የሚንፈራገጥ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም፣ ሆዱም በደንብ አይዳሰስም።

ከዚህ የባሰም አለ። መርፌ እንደ ቅጣት የተነገረው ልጅ፣ ሰፈር ውስጥ ውሻ ቢነክሰው ይደብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ የማዳን ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል፤ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት መሮጥ ግን ሕይወት ያተርፋል። ልጃችሁ ሳይፈራ ሮጦ ወደ እናንተ መምጣቱ በዚያች ቀን ሕይወቱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ስሜቱን በስሙ ጥሩለት። ከልጁ ቁመት ዝቅ ብላችሁ «ጨለማው አስፈራህ አይደል?» በሉት። «ፊኛሽ ፈነዳብሽ፣ አዘንሽ» በሏት። ስም የተሰጠው ስሜት ይቀላል። ይህ ማለት ጭራቅ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ ማለት አይደለም፤ ፍርሃቱ እንዳለ ታምናላችሁ ማለት ነው። አልጋ ሥር በዱላ ጭራቅ ማባረር አያስፈልግም፣ «ለካ በእውነት አለ» ይላልና።

2. መጀመሪያ ሰውነቱን አረጋጉ። ምክር ቆይቶ ይደርሳል። «ትኩስ ሻይ እናብርድ» በሉት፦ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ሽታውን ይሳብ፣ ከዚያ በአፉ ረዘም አድርጎ እፍፍፍ ይበል። 5 ጊዜ ይበቃል። ይህንን ግን በደህናው ቀን እንደ ጨዋታ አለማምዱት፤ እያለቀሰ አዲስ ነገር አይማርም።

3. ደረጃ በደረጃ አስጠጉት። ማታ ሽንት ቤት ለሚፈራ ልጅ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀጥሎ እናንተ በሩ ላይ ቁሙ። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ ሆናችሁ እያወራችሁት ይግባ። በመጨረሻ ባትሪ ይዞ ብቻውን። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደረጃዎቹን አብዙ። በኃይል ጨለማ ውስጥ መክተት ፍርሃቱን ያብሳል፤ ሁልጊዜ ማስቀረትም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ልጁ «ያመለጥኩት ስላልሄድኩ ነው» ብሎ ይደመድማል።

4. እውነቱን ንገሩት። «ዛሬ መርፌ የለም» ብላችሁ አምጥታችሁ ከተወጋ፣ ቀጥሎ የምትነግሩትን አያምንም። «ትንሽ ያማል፣ እስከ 5 ስንቆጥር ያልቃል፣ እኔ ይዤሃለሁ» በሉት። አስተኝታችሁ ከመጨቆን ይልቅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ እቀፉት። ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ በክትባት ሰዓት ጡት ማጥባት ሕመሙን ይቀንሳል። ኬጂ ስታደርሱትም ተደብቃችሁ አትጥፉ፤ አጭር ስንብት፣ «ምሳ በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ»፣ ከዚያ በቃሉ መገኘት።

5. ሙከራውን አመስግኑ። «ጎበዝ፣ አልፈራህም» ከማለት «ፈርተህም ሞከርክ» ይበልጣል። ድፍረት ማለት እሷ ናት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትለዋን ደግሞ እንተዋት።

ስለ ትንንሽ ብስጭትስ?

ሙዙ ተቆረጠ፣ በጨዋታ ተሸነፈች፣ ዝናብ መጥቶ መናፈሻው ቀረ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቸኮሌት ተከለከለ። ለእኛ ትንሽ ነው። ለ3 ዓመት ልጅ ግን የዚያች ቀን ትልቁ ኀዘን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናደርጋለን። አንደኛው ቶሎ ማስረሳት ነው፦ ሞባይል መስጠት፣ ወዲያው ሌላ ፊኛ መግዛት። ሁለተኛው ጥፋተኛ መፈለግ ነው። ልጅ ሲወድቅ መሬቱን በጥፊ መተን «ይኸው መታሁልህ!» እንላለን። የመጀመሪያው «ኀዘንን መቋቋም አልችልም»፣ ሁለተኛው «ያመመኝን መምታት አለብኝ» የሚል ትምህርት ይሰጣል።

ትንሽ ብስጭት እንደ ክትባት ቁጠሩት። ክትባት ሰውነት በሽታን እንዲያውቅ በትንሹ ያለማምደዋል። ዛሬ የተሰበረ ብስኩትን ከእናንተ ጋር ሆኖ ያለፈ ልጅ፣ ነገ የፈተና ውጤት ሲበላሽበት መንገዱን ያውቀዋል።

👉 ስሜቱ ይፈቀዳል፣ ድርጊቱ ይገደባል፦ «መናደድ ትችላለህ። መማታት ግን አይቻልም።»

👉 አስቀድማችሁ ንገሯት፦ «ሁለት ጊዜ ሸርተቴ ከወረድሽ በኋላ እንሄዳለን።» ድንገት ጎትቶ መውሰድ ለቅሶ ይጠራል።

👉 እምቢታችሁ አይለዋወጥ። 10 ደቂቃ ካለቀሰ በኋላ ቸኮሌቱን ከሰጣችሁት፣ ቀጣዩ ለቅሶ ከ10 ደቂቃ አያንስም። አያቶችም በዚህ ይስማሙ፤ እናት ከልክላ አያት ከሰጠች ልጁ የሚማረው ማን ጋ ማልቀስ እንዳለበት ነው።

👉 እንቅልፍና ረሃብን አትርሱ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ያልተኛ ልጅ በትንሹ ይፈነዳል።

ወላጅን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው፦ ልጁ ተናዶ ሲያለቅስ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል። ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም። በጎኑ አስተኙት፤ አትነቅንቁት፣ ውሃ አትድፉበት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በራሱ ቢመለስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መታየት አለበት። አንዱ ምክንያት የአይረን እጥረት ስለሆነ የደም ምርመራ እናዛለን፤ እጥረቱ ሲታከም በብዙ ልጆች ላይ ይቀንሳል።

ሁለተኛው፦ በተኛ በአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ ድንገት ተነስቶ ይጮኻል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያውቃችሁም። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ይህ ቅዠት አይደለም፤ ልጁ ገና ከከባድ እንቅልፍ አልወጣም። በግድ አትቀስቅሱት፣ እንዳይወድቅ ጠብቁት፣ ያልፋል። ቅዠት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ነው፤ ይነቃል፣ ይነግራችኋል፣ እቅፍ ይፈልጋል።

ሐኪም ጋ መቼ?

✅ ፍርሃቱ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ እንቅልፉን፣ ምግቡን ወይም ትምህርቱን ካወከ
✅ ትምህርት ባለበት ቀን ብቻ ሆዱን ወይም ራሱን የሚያመው ከሆነ
✅ ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ እንደገና አልጋ ማርጠብ ከጀመረ
✅ አደጋ፣ ጦርነት ወይም ሞት ካየ በኋላ ጠባዩ ከተለወጠ
✅ አንድን የተወሰነ ሰው ወይም ቤት ድንገት መፍራት ከጀመረ። ይህችን በጣም አደራ! «ኧረ ዘመድህ ነው፣ ሂድ ሳመው» ብላችሁ አትገፉት። ለብቻው በእርጋታ ጠይቁት፣ የሚላችሁን እመኑት፣ ወደ ባለሙያም ውሰዱት።

ልጆቻችን ፍርሃት የሌለባቸው እንዲሆኑ አንፈልግም፤ መንገድ ሲሻገር መኪና የማይፈራ ልጅ ማን ይፈልጋል? የምንፈልገው ሲፈሩም ሲከፉም ወደ ማን እንደሚሄዱ የሚያውቁ ልጆች ነው። ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋ፣ ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት እጁን ያዙት።

ቤታችሁ ያለችው ሞግዚትም ይህንን ትስማው፤ አንብቡላት፣ ለአያቶችም አጋሩ። ቸር ያሰማን!